የሚስቱን ፈረሶች ያከረመው ልብስ ሰፊ

የሰፈሩ ሰው «መርፌው» ይለዋል። ቀጭን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ። ምላሱን የቀመሱት ደግሞ ሁለቱም አይደለም ይላሉ። ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። መንገዱን የሚያይ ሰፊ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ስር ዘይት የጠገበች የስፌት መኪና፣ ጥግ ላይ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሱሪዎችና ኮቶች። እዚያ ውስጥ መርፌውን የሚያዘው ሰው አልነበረም።

ከቤቱ በስተኋላ ያለው ግን የሚስቱ ግዛት ነው። በጓሮው በር ሲወጡ ሦስት የድንጋይ ደረጃ፣ ከዚያ ጠባብ ግቢ፣ ከግቢው ወዲያ ጋጣ፣ ከጋጣው አጠገብ በቆርቆሮ የተከደነ የበጎች ጉረኖ፣ ከዚያም እስከ ወንዙ የሚወርድ ቁራጭ የግጦሽ መሬት። ሁለት ድንክ ፈረሶች፣ ጥቂት በጎችና ሁለት ውሾች ነበሯት። ድንኮቹ ከመርፌው ደረት አያልፉም፤ እሱ ግን እንደ አንበሳ ይፈራቸዋል። በተጋቡ ሰሞን ያኔ የነበረች አንዲት ድንክ ትከሻውን ነክሳው ስለነበር ከዚያ ወዲህ ማገዶ ለማምጣት ካልሆነ በቀር ደረጃውን ወርዶ አያውቅም። «አንቺ ከእንስሶችሽ፣ እኔ ከደንበኞቼ። የኔዎቹ ቢያንስ የሚናከሱት በወሬ ነው» ይላት ነበር።

ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ አንዳንዱ ሴትዮዋን «የፈረሶቹ እናት» ብሎ ስም ሲያወጣላት ለማሽሟጠጥ ነበር። እሷ ስሙን ወደደችው። «አዎ ነኝ፣ ምን ይጠበስ?» አለች፤ ያሽሟጠጠውም አፍሮ ቀረ። ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ፣ ስልሳን አልፋ እንኳ የድርቆሽ እስር በአንድ እጇ የምታነሳ ሴት ነበረች።

ውርጭ በገባ ሰሞን፣ አንድ ማለዳ፣ በሁለት እጇ ባልዲ ይዛ ስትወርድ አመዳይ የያዘው ደረጃ አንሸራተታት። መርፌው የባልዲውን ኳኳታ ሰምቶ በካልሲው ሮጦ ወጣ። ሚስቱ በጎኗ ወድቃ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«ውሃው ተደፋ» አለችው። «ፈረሶቹ አልጠጡም።»

ዳሌዋ ነበር የተሰበረው። ከተማ ወስደው ቀዶ ጥገና አደረጉላት። ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ አጥንቱ በደንብ እንደተገጠመ፣ ከእንግዲህ ያለው ግን የሷ ሥራ እንደሆነ፣ ተነስታ ካልተለማመደች አልጋው እንደሚያስቀራት ነገረው። መርፌው ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቤት ሲመለስ ገና ከመንገዱ ጫፍ ድምፁ ተቀበለው፤ በጎቹ ይጮኻሉ፣ ውሾቹ ያላዝናሉ፣ አንዱ ድንክ የጋጣውን በር በኮቴው እየደጋገመ ይመታል።

ኮቱን ሳያወልቅ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ደረጃውን ወረደ።

ድንኮቹ ሁለት ናቸው ብያለሁ። ሴቷ «ቁጡ» ትባላለች፤ ስሟ ራሱ ይናገራል። ወንዱ «ዳቦ» ነው፤ ቀለሙም ቅርጹም እንደዚያ ነው። መርፌው ድርቆሹን በሩቁ ሊወረውር ሲጎነበስ ዳቦ የሜትሩን ጫፍ ያዘና ማላመጥ ጀመረ። መርፌው ጎተተ። ዳቦም ጎተተ። በመጨረሻ ሁለቱም የየድርሻቸውን ይዘው ተለያዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመርፌው ሜትር የሚጀምረው ከሃያ ነው፤ ወገቡን የሚያስለካ ደንበኛ ቁጥሩን ሲሰማ ይደነግጣል።

በዚያ ሰሞን መርፌው እንስሶቹን ለመሸጥ ቆርጦ ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ጀርባው ተቆርጧል፣ ጣቶቹ ደርቀዋል፣ ቁጡ ጭኑን ረግጣ አበልዛዋለች። ለሚስቱ ወንድም ልደውል ብሎ ስልኩን አንስቶም አስቀምጧል። ወንድምየው ሥጋ ሻጭ ነው፤ በጎቹን ምን እንደሚያደርጋቸው መገመት ከባድ አይደለም።

ሥጋ ሻጩ ግን ሳይደወልለት መጣ። የጭነት መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ፣ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ገመድ ይዞ ሱቁ ውስጥ ገባ። ግዙፍ ሰው ስለሆነ ክፍሉ ጠበበ።

«ጋሼ፣ እንነጋገር» አለው።

«ተናገር። ሥራ የያዘው እጄ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

«እታለም ከእንግዲህ ባልዲ አታነሳም። በጎቹን እኔ ልውሰዳቸው። ለድንኮቹም ሰው አግኝቻለሁ።»

«የተገኘው ሰው ምን ያደርጋቸዋል?»

ሥጋ ሻጩ ገመዱን ትከሻው ላይ አስተካከለ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

«እሷንስ ጠይቀሃታል?»

«ማንን ልጠይቅ? ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውለው። ትናንት ገብቼ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ምግብም አትቀምስም። ተቀበለው ጋሼ። ያቺ የምናውቃት እህቴ የለችም።»

መርፌው የስፌት መኪናውን አቆመ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«አለች» አለ።

«እሺ፣ አለች እንበል። ማን ነው የሚጠብቃቸው? አንተ? ኧረ ጋሼ! አንተ እኮ ዶሮ ስታይ መንገድ የምትቀይር ሰው ነህ። መርፌ እንጂ መንሽ ጨብጠህ አታውቅም። ብርዱ ሳይጋመስ ራስህ ነህ ደውለህ የምትለምነኝ።»

ነገሩ እውነት ነበር፤ ደሙን ያፈላውም እውነት መሆኑ ነው። መርፌው ተነሳ። ቁመቱ ከሥጋ ሻጩ አገጭ አይደርስም።

«መኪናህን አዙር።»

«ጋሼ፣ እስቲ ስማኝ...»

«አሻፈረኝ! ከዚህ ግቢ አንዲት በግ አትወጣም። እህትህ በእግሯ መጥታ ካልሸጠቻቸው በቀር የጭራቸውን ፀጉር አታገኝም። ገመድህንም ይዘህ ውጣልኝ፤ ደንበኞቼን ያስፈራብኛል።»

ሥጋ ሻጩ ሄደ። መርፌው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ምን አፌን አስከፈተኝ አለ ለራሱ። የተባለው ግን ተብሏል።

በማግስቱ ድርቆሹን ከሰጠ በኋላ ልብስ ሳይቀይር ወደ ሆስፒታል ሄደ። ነርሷ በሩ ላይ አቆመችው።

«አባባ፣ ካፖርትዎን እዚህ ይተዉት። ይቅርታ፣ ግን በጣም ይሸታል።»

«ቤቷ እንደዚህ ነው የሚሸተው ልጄ። ካፖርቱ ከቀረ እኔም ቀረሁ» አለና አልፏት ገባ።

ሚስቱ እንደተባለው ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። መርፌው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ።

«ማን ነው የገባው?»

«እኔ ነኝ።»

«ውሸት። አንተ የምትሸተው ካውያ ካውያ ነው።»

ቀስ ብላ ዞረች። የካፖርቱን እጅጌ ይዛ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው፤ አልለቀቀችም።

«ቁጡን ነክተሃታል?»

«እሷ ናት የነካችኝ» አለና ጭኑን እያሻሸ የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ የሜትሩንም፣ የጀርባውንም። ሴትዮዋ ሳቀች። ሳቁ ዳሌዋን ስላመማት አለቀሰች፣ እያለቀሰችም ሳቀች። ከዚያ ትእዛዝ ይዥጎደጎድ ጀመር።

«ከኋላዋ አትምጣባት! መጀመሪያ አናግራት፣ ትከሻዋን ዳብሳት፣ ከዚያ እለፍ። ዳቦን ድርቆሽ አታብዛበት፤ ሆዱ ይነፋል። በጎቹ ውሃቸው ላይ በረዶ ከሠራ አይጠጡም፤ ስበርላቸው። የድንኮቹን ሰኮና አይተሃል? በረዶ በውስጡ ይጋገርና ያስነክሳቸዋል፤ በማንኪያ እጀታም ቢሆን አውጣላቸው። ደግሞ አንተ እዚህ ስትመጣ ማን ነው የሚያያቸው?»

«ውሾቹ።»

«ፖሊስ? ፖሊስ ሌባ ቢመጣ ሻይ ነው የሚያቀርብለት!»

ፖሊስ የሚሉት ትልቁና ሰነፉ ውሻ ነው። ትንሿ ሚጢጢ ናት በጎቹን የምታስተዳድረው። ያን ቀን የፈረሶቹ እናት ከተኛች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾርባዋን ጨርሳ ጠጣች። ነርሷም የካፖርቱን ነገር ዳግመኛ አላነሳችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሥራ ብቻ ነው። ጠዋት የገንዳውን በረዶ በመጥረቢያ ራስ መስበር፣ ፋንድያ በአካፋ መዛቅ፣ እርጥቡን ጭድ አውጥቶ ደረቅ ማንጠፍ፣ ሰኮና መጥረግ። ቁጡን «እንደምን አደርሽ እመቤቴ» እያለ ነበር የሚቀርባት፤ መጀመሪያ ለማሾፍ፣ በኋላ ግን ከልቡ። ሲነጋገሩ የሰማች አንዲት ደንበኛ መርፌው ሴት አስገብቷል ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው።

ሥጋ ሻጩ የተናገረውንም ሰፈሩ ሰምቷል። ሻይ ቤት ሲገባ ይስቁበታል። «መርፌው፣ ዛሬም ጥርስህ አለ? ወይስ ፈረሷ አወለቀችው?»

«ያንተን ላውሳት እንጂ፤ አንተ ከወሬ ሌላ የምታኝክበት የለህም» ይላቸዋል። ሻዩን በቁሙ ጠጥቶ ይወጣል።

ብርዱ ሲጠና ድንኮቹ ጋጣው ውስጥ ሲንቀጠቀጡ አየ። ልብስ ሰፊ ነውና ያየው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ልብስ የሌላቸው ሁለት ደንበኞች። የሳሎኑን ወፍራም መጋረጃ አወረደ፤ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት፣ ሚስቱ የምትሳሳለት መጋረጃ ነው። ከሃያ በሚጀምረው ሜትሩ ደረታቸውን ለካ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ገበር አደረገለት፣ ከሆዳቸው ስር የሚታሰር ቀበቶ ሰፋለት። ዳቦ ዝም ብሎ ለበሰ። ቁጡ ሁለት ጊዜ ቀደደችው፤ ሁለት ጊዜ ጠገነው። በሦስተኛው ተወችው። አበባ የለበሱት ድንኮች በረዶው ላይ ሲወጡ መንገደኛ ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ይስቅ ነበር። መርፌውም ከውስጥ ሆኖ፣ «ሳቁ! እነሱ ሞቋቸዋል፤ እናንተ ናችሁ የምትንዘፈዘፉት!» ይላቸዋል።

ነገሩ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። እጁ ተሰነጣጠቀ። ሐር ሲነካ ክሩ ጣቱ ላይ እየተያዘ ይመዘዝ ጀመር፤ ስለዚህ የሙሽራ ቀሚስ መቀበል አቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ስሙን ያስጠራለት ሥራ ነበር። የመጨረሻዋን ሙሽራ እናት ይቅርታ ጠይቆ ጨርቁን ሲመልስላት ሴትዮዋ፣ «ለበግ ብለህ?» አለችው በንቀት።

«አዎ፣ ለበግ ብዬ» አላት። ከወጣች በኋላ ግን እጆቹን ለበጎቹ በተገዛው ቅባት እያሸ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ከብርዱ የያዘው ሳልም አልለቅ ብሎታል። ስልኩ አጠገቡ ነበር፤ አልነካውም።

የከበደው በረዶ የወረደው ብርዱ ያበቃለታል በተባለበት ሰሞን ነው። ከሰዓት በኋላ መርፌው ስፒል በአፉ ይዞ ፊቱ የቆመ አንድ መምህር የለበሰውን ሱሪ ጫፍ እያጠፈ ሳለ ከጓሮ ድብልቅልቅ ያለ ድምፅ መጣ። ስፒሉን ተፍቶ ሮጠ። የጉረኖው ቆርቆሮ በበረዶው ክብደት ወደ ውስጥ ተደርምሷል። ሚጢጢ ቀዳዳው ላይ ቆማ አንጀቷ እስኪቆረጥ ትጮኻለች። መርፌው በሆዱ ተሳበና ከስር ገባ። አንድ በአንድ፣ በቀንድም በእግርም እየያዘ ወደ ቀዳዳው ገፋቸው፤ ሚጢጢ ከውጭ ተቀብላ ትሰበስባለች። ጥግ ላይ የነበረችው አሮጊቷ መሪ በግ ግን ምሰሶ ወድቆባት ነበር። መርፌው ይህችን በግ «አማቴ» ይላት ነበር፤ አስተያየቷ የሟች አማቱን ይመስላል ብሎ። እጁን አንገቷ ስር አስገባ። አልተነፈሰችም።

የተረፉትን የሚያስገባበት ቦታ አልነበረም፤ ጋጣው ለድንኮቹም ጠባብ ነው። በጓሮው በር አስገብቶ፣ በኮሪደሩ አሳልፎ፣ ሱቁ ውስጥ አጎራቸው። መምህሩ ሱሪው ላይ ስፒል እንደተሰካ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ቆመ። ፖሊስ በፊት ለፊቱ በር ላይ ተጋድሞ ስለነበር አንድም በግ ወደ መንገድ አልወጣም፤ ያንን ቀን እንደ ጀግንነት ተቆጥሮለታል፣ እሱ ግን ሁልጊዜም የሚተኛው እዚያው ነው።

መርፌው በረዶውን ከቀረው ቆርቆሮ ላይ በአካፋ ሲያራግፍ የጭነት መኪና ድምፅ ሰማ። ሥጋ ሻጩ ነበር። በረዶውን አይቶ፣ ማንም ሳይጠራው መጥቷል። ግቢው መሀል ቆሞ ፍርስራሹን አየ።

«ጋሼ፣ አሁንስ?» አለ።

«አሁንማ ምሰሶውን ያዝ! ወይ ያዝ፣ ወይ ከዚህ ጥፋ!»

ሥጋ ሻጩ አንድ ጊዜ አመነታ። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ትከሻውን ከምሰሶው ስር አስገባና ቀና አደረገው። ሳይነጋገሩ ሠሩ። አንዱ ይደግፋል፣ ሌላው ሚስማር ይመታል። ጣሪያው ቆመ፤ ጠማማ ቢሆንም ቆመ። በመጨረሻ ሥጋ ሻጩ የሞተችውን በግ አየና ከልማድ የተነሳ ጎንበስ አለ።

«አትንካት። ትቀበራለች» አለው መርፌው።

«መሬቱ እኮ ድንጋይ ሆኗል!»

«ድንጋይ ከሆነ ዶማ አለ።»

ቆፈሩ። ሥጋ ሻጩ ላቡን እየጠረገ፣ «ይሄን ነገር ለማንም እንዳታወራ። ሥጋ ሻጭ በግ ቀበረ ከተባለ አለቀልኝ» አለ። ሲሄድ ደግሞ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አሁንም እብድ ነህ!» ብሎ ጮኸ።

«አውቃለሁ!» አለ መርፌው።

ለሚስቱ ሊነግራት ሆስፒታል ሲሄድ መንገዱን ሙሉ ቃል ሲመርጥ ነበር። ስታየው ግን አወቀች።

«የትኛዋ ናት?»

«አማቴ።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።  ከዚያ፣ «ሌሎቹስ?» አለች።

«ደህና ናቸው። ጣሪያው ሲደረመስ በሆዴ ተስቤ አወጣኋቸው፤ ጉረኖው እስኪደርቅ ሱቅ ነው ያሳደርኳቸው።»

«ሱቅህ ውስጥ?»

«መስታወቱ ፊት ተሰልፈው ራሳቸውን ያያሉ። አንዷማ ወደ ጎን እየዞረች ነው።»

አልሳቀችም።  የሚደገፉበትን ባለ አራት እግር ብረት ሲያመጡላት «እኔ አሮጊት አይደለሁም» እያለች ስትመልስ ነበር የከረመችው። አሁን ነርሷን ጠራቻት።

«ያንን የብረት ነገር አምጪው። እንግዲህ ይሄ ሰውዬ በጣሪያ ስር በሆዱ እየተሳበ እኔ እዚህ የምጋደመው ምን ሆኜ ነው?»

በመጀመሪያው ቀን አልጋዋን ለቃ ሁለት እርምጃ ተራመደችና እየተሳደበች ተመልሳ ወደቀችበት። በማግስቱም ተሳደበች፤ ግን በሩ ጋ ደረሰች።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ወንድሟ ራሱ በጭነት መኪናው አመጣት። ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወጣ እንዳትወርድ፣ ከእንስሳትም እንድትርቅ ነግሯት ነበር። «ሰምቻለሁ አልኩት እንጂ እሺ አላልኩትም» አለች መኪናው ውስጥ። መርፌው በጓሮው ደረጃ ላይ ሳንቃ ደርድሮ፣ በጎኑ ገመድ ዘርግቶ የማያንሸራትት መውረጃ ሠርቶ ጠበቃት። ብረቷን ተደግፋ ወጣችና ግጦሹን አየች።

«መጋረጃዬ!» አለች።

«ገበር አለው» አለ መርፌው ፈጠን ብሎ።

ድንኮቹ ድምጿን ሰምተው ወደ አጥሩ መጡ፤ ቁጡ ቀድማ። ሴትዮዋ አጥሩ ጋ ወርዳ ግንባሯን ከቁጡ ግንባር አገናኝታ ቆመች። ሥጋ ሻጩ መሬት መሬቱን እያየ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። ባልዲ አታነሳም፤ ወንድሟ ያለው እውነት ሆኖ ቀረ። በሩ ላይ በወንበር ተቀምጣ ታዛለች፣ መርፌው ይሠራል፣ ስለ መንሹ አያያዝ፣ ስለ ጭዱ ውፍረት፣ ስለ ሁሉም ነገር ይጨቃጨቃሉ። እጆቹም ወደ ሐር አልተመለሱም። ሱሪ ይሰፋል፣ ኮት ይገለብጣል፤ አልፎ አልፎ ከሩቅ ሰፈር ሰው መጥቶ ለፈረሴ ልብስ ስፋልኝ ይለዋል፣ ያንንም ይሰፋል።

ሙቀቱ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ክር ሊገዛ ከተማ ወረደ። ሲመለስ ዘገየ። ሚስቱ በሩ ላይ ሆና መንገዱን ስታይ፣ መርፌው አንድ ዓይን ብቻ ያለው፣ ጎድኑ የሚቆጠር ሽማግሌ ድንክ ፈረስ እየሳበ መጣ። ልጆችን በክፍያ ሲያዞር የኖረ ፈረስ ነበር፤ ባለቤቱ አልፈልገውም ብሎ ሊያስወግደው ሲል ነው መርፌው የደረሰው።

«ክር አይደለም እንዴ ልትገዛ የሄድከው?» አለችው።

«የምፈልገው ቀለም የለም አሉኝ።»

«ቦታ የለንም።»

«ጋጣውን አሰፋዋለሁ።»

«ድርቆሹስ?»

«ይገኛል።»

«ሐኪሙ የነገረኝን ሰምተሃል። ሁለቱ ራሳቸው በዝተዋል። ማን ፈቀደልህ?»

«ማንንም አልጠየቅኩም» አለ መርፌው።

ሴትዮዋ ሽማግሌውን ድንክ ከእግሩ እስከ ጆሮው መረመረችው። ከዚያ ብረቷን ያዘች፣ ተነሳች፣ በሳንቃው ላይ ቀስ እያለች ወረደችና የጋጣውን በር ከፈተችላቸው።